ሦስት ሦስት ዘፈን ይዘው የሚዞሩት አንጋፋ ሮከሮች

በ1983 መጀመሪያ ላይ ሜን አት ወርክ የተባለው የአውስትራሊያ ባንድ «ዳውን አንደር» በሚለው ዘፈኑ የአሜሪካን ሰንጠረዥ ለሦስት ተከታታይ ሳምንታት መራ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በፌብሩዋሪ የሎስ አንጀለሱ ቶቶ «አፍሪካ» በሚለው ዘፈኑ ከአንደኝነት አወረደው። የቶቶ ድል ግን ከአንድ ሳምንት አላለፈም፤ በሳምንቱ «ዳውን አንደር» ተመልሶ ቦታውን ያዘ። ዛሬ እነዚህ ሁለት ተፎካካሪ ዘፈኖች በአንድ ምሽት፣ በአንድ መድረክ፣ በአንድ ባንድ ይቀርባሉ። የሜን አት ወርኩ ኮሊን ሄይ የራሱን ሲዘፍን በጊታር የሚያጅበው የቶቶው ስቲቭ ሉካተር ነው። «አፍሪካ» ሲመጣ ደግሞ ሄይ ፈቀቅ ብሎ ለሉካተር ያጅባል። ከኋላቸው፣ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ካሉት ሁለት ድራሞች በአንዱ የተቀመጠው የቢትልሱ ሪንጎ ስታር ነው።

ስብስቡ ኦል ስታር ባንድ ይባላል። ከ1989 ጀምሮ አባላቱ እየተቀያየሩ፣ መሥራቹ ግን ሳይቀየር፣ በየጊዜው መንገድ ይወጣል። ሪንጎ የተወለደው በጁላይ 1940 ነው፤ ሰማንያ አምስት ዓመት ሞልቶትም ዱላውን አላስቀመጠም። ብዙ ሐያሲ እንዲህ ያለውን ኮንሰርት የትዝታ ንግድ ብሎ ያልፈዋል። ትዝታ እንደሚሸጥበት አልክድም። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የሮክ ታሪክ ተጣልተው በተበተኑ ባንዶች የተሞላ ሆኖ ሳለ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ባንድ ፊት ለፊት ይቆሙ የነበሩ ሰዎች ተስማምተው ይህን ያህል ዘመን እንዴት ሊሠሩ ቻሉ? መልሱን ከጠባያቸው ይልቅ በአሠራራቸው ውስጥ አገኘዋለሁ።

ሱፐርግሩፕ የሚባለው ቀድሞውኑ በሌላ ባንድ ስም ያወጡ ሙዚቀኞች ተሰባስበው የሚመሠርቱት ባንድ ነው። በወጣትነት የተመሠረቱት ዕድሜያቸው አጭር ነበር። ኤሪክ ክላፕተን፣ ጃክ ብሩስና ጂንጀር ቤከር በ1966 ያቋቋሙት ክሪም በ1968 ፈረሰ፤ ብሩስና ቤከር ከዚያ በፊት በነበሩበት ባንድ የጀመሩትን ጠብ ይዘውት ነበር የመጡት። ክላፕተንና ቤከር ከስቲቭ ዊንውድ ጋር ሆነው ብላይንድ ፌዝን መሠረቱ። በጁን 1969 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ለብዙ ሺህ ሕዝብ በነፃ ተጫወቱ፣ አንድ አልበም አወጡ፣ አሜሪካን ዞሩ፤ ከመጀመሪያው ኮንሰርት እስከ መጨረሻው ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። ሕዝቡ የመጣው አዲሱን ሥራ ሊሰማ ሳይሆን የክሪምን ዘፈኖች ፈልጎ ነበር፤ እነሱ ደግሞ ከዚያ ለመሸሽ ነበር የተሰባሰቡት። በ1982 የመጀመሪያ አልበሙ በአሜሪካ ገበያውን የተቆጣጠረው ኤዥያም በዓመቱ ዘፋኙን ጆን ዌተንን አጣ። ቦብ ዲላን፣ ጆርጅ ሃሪሰን፣ ቶም ፔቲ፣ ጄፍ ሊንና ሮይ ኦርቢሰን በ1988 ያቋቋሙት ትራቭሊንግ ዊልበሪስ ወዳጅነት አልጎደለበትም፤ ነገር ግን አንድም ጊዜ ለኮንሰርት ጉዞ አልወጣም፤ ኦርቢሰንም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አረፈ።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የጋራ ችግር አለ። ትልልቅ ስሞች ተሰብስበው አዲስ ባንድ ይሆናሉ፤ አዲስ ባንድ አዲስ ዘፈን ይፈልጋል፤ አዲስ ዘፈን ሲመጣ «የማን ዘፈን ይግባ? ማን ይዝፈነው? ግጥምና ዜማው በማን ስም ይመዝገብ?» የሚለው ክርክር ይከተላል። ታዳሚው ደግሞ የድሮውን ይጠይቃል።

ሪንጎ በ1988 መገባደጃ ከባለቤቱ ከባርባራ ባክ ጋር አሪዞና ውስጥ ከአልኮል ሱስ ለመላቀቅ ሕክምና ገብቶ ነበር። ከዚያ ሲወጣ ዴቪድ ፊሾፍ የተባለ ፕሮሞተር አንድ ሐሳብ ይዞለት መጣ፦ ወዳጆችህን ሰብስብና ዙር። ሪንጎ ከቢትልስ የመጨረሻ የክፍያ ኮንሰርት፣ ከኦገስት 1966 ወዲህ፣ የኮንሰርት ጉዞ ወጥቶ አያውቅም። ጁላይ 23 ቀን 1989 ዳላስ ላይ ሲጀምር አብረውት የቆሙት ጆ ዋልሽ፣ ኒልስ ሎፍግረን፣ ዶክተር ጆን፣ ቢሊ ፕሬስተን፣ ሪክ ዳንኮ፣ ሌቮን ሄልም፣ ክላረንስ ክሌመንስና ጂም ኬልትነር ነበሩ። እኔ ይህን ዝርዝር ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔን ማመን ያቅተኛል፤ ስምንቱም እያንዳንዳቸው ብቻቸውን አንድ ምሽት የሚያስጨፍሩ ናቸው።

ቅርጹ ከባዶ የተፈጠረ አልነበረም። በሃምሳዎቹና በስድሳዎቹ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዘፋኞችን በአንድ አውቶቡስ ጭነው ከከተማ ከተማ የሚያዞሩ፣ ሁሉንም በአንድ ባንድ የሚያሳጅቡ ትርዒቶች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ታዋቂ ዘፈኖቹን ተጫውቶ ይወርዳል። በኛ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. በአገራችን ለደረሰው ረሃብ ጁላይ 13 ቀን 1985 ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ የተካሄደው ላይቭ ኤይድም ይህንኑ በስታዲየም ደረጃ አሳየ፦ ለእያንዳንዱ ባንድ ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ሰዓት ሲያልቅ የሚያስጠነቅቅ የትራፊክ መብራት፣ ከዚያ ቀጣዩ። ኩዊን በዚያች ሃያ ደቂቃ ለሥራው አዲስ ነፍስ ዘራበት። ጊዜው አጭር ከሆነ ሁሉም የሚመርጠው የተሻለውን ነው፤ ታዳሚውም የማያውቀው ዘፈን እስኪያልቅ አይጠብቅም።

የሪንጎ ባንድ አሠራር ዕቁብ ነው። ወደ ማኅበሩ የሚገባ ሰው ሕዝብ የሚያውቃቸው ሦስት ያህል ዘፈኖች ይዞ ይመጣል። ተራው ሲደርስ መድረኩ የሱ ነው፤ ተራው እስኪደርስ ደግሞ የሌሎቹን ዘፈን እንደራሱ አድርጎ ያጅባል። ዳኛው ሪንጎ ነው፤ እሱም ሁሉን ጠቅልሎ አይወስድም። መጀመሪያ ፊት ለፊት ወጥቶ በሁለት ጣቱ የሰላም ምልክት እያሳየ ጥቂት ይዘፍናል፤ ከዚያ ወደ ድራሙ ይወጣል፤ መሐል ላይ ለትንሽ ጊዜ ከመድረክ ወርዶ ያርፋል፤ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይዘጋል። አዲስ አልበም የለም፣ ሥራው በጋራ ድርሰት ላይ አልተመሠረተም። ወጣቶቹን ያጣላቸው ነገር ሁሉ ከበሩ ውጭ ቀርቷል።

ይህ ማለት ሥራው ቀላል ነው ማለት አይደለም። ስኮትላንዳዊው ሃሚሽ ስቱዋርት የአቬሬጅ ዋይት ባንድን ፈንክ ይዞ ይመጣል፤ እዚያ ላይ ጊታሩ ቶሎ ቶሎ እየተቆራረጠ ሪትም ይሠራል እንጂ አይንጫረርም። ቶቶ ደግሞ በስቱዲዮ ባለሙያዎች የተገነባ ስለሆነ ኮርዶቹ የተወሳሰቡ ናቸው። ሟቹ ጄፍ ፖርካሮ ለቶቶ የቀረጻቸው አንዳንድ ምቶች ዛሬም ድራመሮች ለዓመታት የሚለማመዷቸው ናቸው፤ በትልልቁ ምት መሐል በጣም ቀስ ተብለው የሚነኩ፣ ብዙም የማይሰሙ የስኔር (ከድራሞቹ የአንዱ) ምቶች አሉባቸው፤ እነሱ ከቀሩ ዘፈኑ ይደርቃል። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ድራመር ግሬግ ቢሶኔት የሚያስፈልገው። እሱ ጥቃቅኑን ጌጥ ሲሠራ ሪንጎ ዋናውን ምት ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ሪንጎ ግራኝ ሆኖ ለቀኝ እጅ በተዘረጋ ድራም ነው የሚጫወተው፤ የሱ ሽግግሮች ከሌላው ሰው ለየት ብለው፣ ትንሽ ዘግየት ብለው የሚወርዱት በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲመቱ ያን ልዩነት በጆሮ መለየት ይቻላል። ሳክስፎኑንና ፍሉቱን የሚይዘው ዋረን ሃም በቶቶም ውስጥ አብሮ የሠራ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ አይነገርም፤ ለእኔ ግን ዋናው ቁልፍ ነው። በአሜሪካ አንድ ዘፈን በመደበኛ ሬዲዮ ሲተላለፍ የሚከፈለው ለግጥምና ዜማ ደራሲውና ለአሳታሚው ነው፤ ለዘፈነውና ለተጫወተው ምንም አይከፈልም። በኮንሰርት አዳራሽም እንደ አስካፕና ቢኤምአይ ያሉት ማኅበራት የሚሰበስቡት ክፍያ የደራሲው ነው። «አፍሪካ»ን የደረሱት ዴቪድ ፔችና ጄፍ ፖርካሮ ናቸው። ዘፈኑ በስፖቲፋይ ብቻ ከአንድ ቢሊዮን ጊዜ በላይ ተደምጧል፤ በጊታሩ የምናውቀው ሉካተር ግን የደራሲነት ድርሻ የለውም። ይኸው ሰው በማይክል ጃክሰን «ቢት ኢት» ላይ ሪትም ጊታሩንና ቤዙን የተጫወተ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያን ዘፈን የማያውቅ የለም፤ ስሙን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ሪንጎ ራሱ በቢትልስ ዘመን ብቻውን የደረሳቸው ሁለት ዘፈኖች ናቸው። ሕዝቡ አብሮት የሚዘፍናቸው ዝነኞቹ የሌነንና የማካርትኒ ናቸው።

የክላረንስ ክሌመንስ ታሪክ ይህን ከሁሉ በላይ ያሳያል። ከ1972 ጀምሮ የብሩስ ስፕሪንግስቲን ባንድ ሳክስፎን ተጫዋች ነበር፤ በአልበም ሽፋን ላይ ስፕሪንግስቲን ትከሻው ላይ ተደግፎ የሚታየው ሰው እሱ ነው። በ1989 መኸር ከሪንጎ ጋር ጃፓን ውስጥ እየተጫወተ ሳለ ስልክ ተደወለለት። ስፕሪንግስቲን ነበር፤ ባንዱን መበተኑን ሊነግረው። ኒልስ ሎፍግረንም የዚያው ባንድ ጊታሪስት ሆኖ ያን ጊዜ ከሪንጎ ጋር ነበር። ባንዱ በ1999 እንደገና ተሰብስቧል። ነገር ግን በ2021 ስፕሪንግስቲን የዘፈኖቹን መብት ለሶኒ ሲሸጥ ዋጋው ወደ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር እንደሚጠጋ ተዘገበ። እንዲህ ያለውን ሽያጭ የሚያካሂደው የዘፈኖቹ ባለቤት የሆነው ሰው ነው፤ አጃቢው ያለው እጁና ትንፋሹ ነው። እጅና ትንፋሽ ደግሞ የሚከፈላቸው በአብዛኛው መድረክ ላይ ሲወጡ ነው። ስለዚህ አንጋፋ ተጫዋቾች በሰባና በሰማንያ ዓመታቸው ለምን ይዞራሉ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ሙዚቃ መውደዳቸው እንዳለ ሆኖ፣ ይህን ሕግ ቢያስብ መልካም ነው። ኦል ስታር ባንድ ለነዚህ ሰዎች በስማቸው የሚጠሩበት፣ በተራቸው ፊት ለፊት የሚቆሙበት ሥራ ሆነላቸው። ይህን እንደ ትልቅ ክብር እቆጥረዋለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ አካል ነው። ሮክ የወጣት ጉልበት ሙዚቃ ሆኖ ተወልዶ ከባለቤቶቹ ጋር አረጀ። ፊል ኮሊንስ በማርች 2022 ለንደን ላይ የጀነሲስን የመጨረሻ ኮንሰርት ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነ፤ ድራሙን የመታው ልጁ ነበር። ኤሮስሚዝ በኦገስት 2024 የኮንሰርት ጉዞን እርግፍ አድርጎ ተወ፤ የዘፋኙ የስቲቨን ታይለር ጉሮሮ ከደረሰበት ጉዳት ሊያገግም አልቻለም። ኦዚ ኦዝበርን በጁላይ 5 ቀን 2025 በተወለደባት በርሚንግሃም፣ ቪላ ፓርክ ስታዲየም፣ ዙፋን መሰል ወንበር ላይ ሆኖ ተሰናበተ፤ ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አረፈ። ያን ቀን ከብላክ ሳባትና ከሌሎቹ ባንዶች ጎን ለጎን ለዚያ ቀን ብቻ የተቀናጁ ሱፐርግሩፖች ነበሩ፤ ታይለርም ከነሱ ጋር ወጥቶ ዘፈነ። ሙሉ ጉዞ ያቃተው ጉሮሮ ለጥቂት ዘፈኖች በቃ።

የተራ አሠራር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። አንድ የሰባ አምስት ዓመት ዘፋኝ በአንድ ምሽት ሃያ ዘፈን መዝፈን ይከብደዋል፤ ሦስት ከሆነ ግን ድምፁን ሰብስቦ፣ ቁልፉን ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ በደንብ ይወጣዋል። ጉዞውም ለወራት አይዘረጋም፤ በጸደይ ጥቂት ሳምንት፣ በመጸው ጥቂት ሳምንት ነው። አዳራሾቹ ሁለት ሺህ ከሚይዘው የናሽቪሉ ራይማን እስከ ስድስት ሺህ ገደማ የሚይዘው የሎስ አንጀለስ ግሪክ ቲያትር ያሉ ናቸው፤ ወንበር አላቸው፤ ታዳሚውም አርጅቷልና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሮሊንግ ስቶንስ በ2024 በየስታዲየሙ ሲዞሩ ዋና ስፖንሰራቸው ከሃምሳ ዓመት በላይ ላሉ አሜሪካውያን የሚሠራው ኤኤአርፒ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ጉዳት ግን አለው። ሁሉም ለሁሉም የሚያጅብ ስለሆነ አንዱ ሲታመም ሁሉም ይቆማል። በ2022 አስቀድሞ ሌሎች አባላትን፣ ቀጥሎ ሪንጎን ራሱን ኮቪድ ይዟቸው ጉዞው በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ተቋርጧል። ከሞት ደግሞ ማምለጫ የለም። ከ1989ኙ ስምንት እንግዶች አምስቱ፣ ዳንኮ፣ ፕሬስተን፣ ክሌመንስ፣ ሄልምና ዶክተር ጆን፣ ዛሬ የሉም።

ከሌሎቹ አማራጮች ጋር ሳነጻጽረው ግን ይህ ለእኔ ይበልጣል። ሊነርድ ስኪነርድ የተባለው ባንድ የመጨረሻው መሥራቹ ጋሪ ሮሲንግተን በማርች 2023 ካረፈ በኋላም በስሙ ይዞራል። ቲኬት የሚገዛው ሰው ስሙን አይቶ ነው የሚገዛው፤ ከመሥራቾቹ ግን መድረክ ላይ አንድም የለም። በሱፐርግሩፕ ግን ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው የሰዎቹ ስም ነው፤ የሚመጡትም እነሱ ናቸው። «የመጨረሻ ስንብት» እየተባለ ሁለቴና ሦስቴ ከሚሸጥ ኮንሰርትም ይህ ይሻላል፤ ሪንጎ ስንብት ብሎ አልሸጠም፤ በየጉዞው «መጥተናል» ይላል እንጂ።

የቲኬት ዋጋ ያሳስበኛል። ላይቭ ኔሽንና ቲኬትማስተር በ2010 ከተዋሐዱ ወዲህ አዘጋጁም፣ አዳራሹም፣ ቲኬት ሻጩም ብዙ ጊዜ አንድ ኩባንያ ሆኗል፤ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴርም በሜይ 2024 ከሶታል። የአዳራሽ ኮንሰርት ከስታዲየሙ ቢረክስም፣ ፊት ረድፍ ላይ የሚቀመጠው አቅም ያለው ሰው ነው። የነዚህን ሰዎች ጣት በቅርብ አይቶ መማር የሚገባው የሃያ ዓመት ጊታሪስት ብዙ ጊዜ ከኋላ ነው፤ ያውም ከገባ።

ሌላው ቅሬታዬ የዘፈን ዝርዝሩ ነው። ሪንጎ በጃንዩዋሪ 2025 እንኳ አዲስ የካንትሪ አልበም አውጥቷል፤ በዚህ ባንድ ምሽት ላይ ግን አዲስ ሥራ የሚያገኘው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። በአባላቱ ረጅም ዝርዝር ውስጥም ሴት ስፈልግ የማገኘው ድራመሯን ሺላ ኢ.ን ነው። የመግቢያው መስፈርት የሬዲዮ ዝና በመሆኑ፣ ያ ዘመን ሬዲዮ የገፋቸው ሁሉ እዚህም ተገፍተዋል።

መስፈርቱ ወደፊትም ችግር ያመጣል። «ዳውን አንደር»ና «አፍሪካ» ለአንድ ሳምንት የተቀማሙትን ወንበር ሁሉም ሰው ያውቀው ነበር፤ ሬዲዮ ነበረ፣ በ1981 ሥራ የጀመረው ኤምቲቪ ነበረ፣ አንድ ትውልድ አንድ ዓይነት ዘፈን ይሰማ ነበር። ዛሬ ሁሉም በየስልኩ የየራሱን ይሰማል። የዛሬ ሃያ ዓመት ስድስት አንጋፋ ሙዚቀኞች ሦስት ሦስት ዘፈን ይዘው ቢሰበሰቡ አዳራሹ በሙሉ አብሮ የሚዘፍናቸው አሥራ ስምንት ዘፈኖች መገኘታቸው ያጠራጥረኛል።

ስለዚህ እኔ በጉጉት የምከታተለው ሌላ መንገድ ነው። በ2024 የኪንግ ክሪምሰን ባንድ የቀድሞ አባላት አድሪያን ብሉና ቶኒ ሌቪን፣ ጊታሪስቱን ስቲቭ ቫይንና የቱል ባንድ ድራመር ዳኒ ኬሪን ጨምረው፣ ቢት በሚል ስም የኪንግ ክሪምሰንን የሰማንያዎቹ ሙዚቃ ይዘው ወጡ። ያ ሙዚቃ የሬዲዮ ተወዳጅ አልነበረም፤ ሁለት ጊታሮች በተለያየ ቆጠራ ተጀምረው ከብዙ ዙር በኋላ የሚገናኙበት አስቸጋሪ ሥራ ነው። የክሪምሰኑ መሪ ሮበርት ፍሪፕ አልተቀላቀለም፤ ስሙን ግን እሱ ነው ያቀበላቸው፣ መርቆም ሸኝቷቸዋል። ቫይ የፍሪፕን ክፍል፣ ኬሪ የቢል ብሩፎርድን ክፍል አጥንተው ተረከቡ፤ ሁለቱም ባለቤቶች በሕይወት እያሉ። የካናዳው ባንድ ረሽም ተመሳሳዩን መርጧል። ድራመሩ ኒል ፒርት በ2020 ያረፈባቸው ጌዲ ሊና አሌክስ ላይፍሰን፣ የ2026 ጉዟቸውን ከጀርመናዊቷ ድራመር ከአኒካ ኒልስ ጋር እንደሚያደርጉ አስታውቀዋል።